ሳጥኑ ስሜን የጠራ ዕለት

እኛ ቤት ተጠርቶ ዝም ማለት ነውር ነበር። አባቴ ኤጀታ በሌላው ነገር ሁሉ ገር ሰው ነው፤ ሰሃን ብሰብር፣ አንድ እግር ጫማዬን ጭቃ ውስጥ ጥዬ ብመጣ "ይሁን እስቲ" ብሎ ያልፋል። "ቃናኒ!" ብሎኝ "አቤት!" ካላልኩ ግን ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። "የጠራሽ ሰው መኖርሽን ማወቅ ፈልጎ ነው። አለሁ በይው" ይለኝ ነበር። አጠራሩም የራሱ ነው። ሁለቱን ፊደል ከፍ አድርጎ ይይዝና "ኒ"ዋን ወደ ታች ይለቃታል፣ ረዘም አድርጎ። ማንጎ ላይ ተሰቅዬም ልሁን አሶሳ ገበያ መሃል፣ ያቺን ዜማ ከሺህ ድምፅ መሃል እለያታለሁ። "አቤት!" ብዬ እሮጣለሁ።

በልጅነቴ ተጠርቼ ዝም ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼም አላውቅም።

አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ናት፤ አንዱ በሯ ወደ መንገዱ፣ ሌላው ወደ ጓሮው ይከፈታል። ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴፖች፣ ጀርባቸው የወለቀ ሬዲዮኖች፣ ከካውያው የሚነሳ የቀለጠ ሊድ ሽታ፣ እኔ ያደግኩት በዚያ መሃል ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ጊታር እየመታ ይዘምራል። ወላጆቼ ከወለጋ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ሀብት ቢኖር መዝሙር ነው።

በዚያ ክረምት የአባቴ ድምፅ ሻከረ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። እናቴ ብሪቱ ዝንጅብል በማር አፍልታ አጠጣችው፤ አልለቀቀውም። ሰኔ ላይ መዘመር ተወ። ሐምሌ ሲጋመስ ከአንገቱ የሚወጣው ሹክሹክታ ብቻ ሆነ፤ "ቃናኒ" ሲለኝ እንኳ ጎኑ ካልቆምኩ አልሰማውም ነበር።

ሳጥኑ ቤታችን የገባው በዚያው ክረምት ነው።

ከተቃጠለ ስታቢላይዘር ላይ ቆርቆሮ ቆርጦ የሠራው፣ ቁመቱም ስፋቱም ትልቁን መጽሐፍ ቅዱሳችንን የሚያህል ነገር ነው። በአንድ ጎኑ ከጊታሩ የሚመጣ ገመድ ይገባል፣ በሌላው ጎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄድ ገመድ ይወጣል። ከላዩ በማጠፊያ የተያዘ ጣውላ አለው፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር ሲረግጡት ወደ ፊት ይዘነበላል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ሆዱ ውስጥ ከሞቱ ሬዲዮኖች የተለቀሙ ትራንዚስተሮች ነበሩ። አባቴ ይፈታዋል፣ ይበይዳል፣ ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንደገና ይፈታዋል። ስም እንኳ አላወጣለትም፤ "ሙከራው" ነበር የሚለው።

ጓደኛው ዓብዱልላጢፍ ከጎኑ አይጠፋም። ዓብዱልላጢፍ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ከቅል የሚሠራውን ረጅም ጥሩምባ፣ ዋዛ የሚሉትን፣ በሰርግና በበዓል ይነፋል። አማርኛው እንደልቡ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም ያደባልቀዋል፣ ማንም ግን አይሳሳትበትም። የሳጥኑን የመጀመሪያ ድምፅ የሰማሁ ቀን በሩ ሥር ተቀምጬ ነበር።

"ኤጀታ፣ ድምፅዋ ቀጭን ነው" አለ ዓብዱልላጢፍ። "ሥጋ የለም። ቅል ስትነፋ እኮ ትንቀጠቀጣለች፤ እዚህ ደረት ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ ሻካራ አድርጋት። ከዚያ አፍ እንሰጣታለን።"

አባቴ አንዱን ቁልፍ አዞረና የጊታሩን ክር መታ።

ወይ ጉድ! ከማጉያው የወጣው ጊታር አልነበረም። ያጓራ ነበር። ወፍራም፣ የተቀደደ፣ ጉሮሮ ያለው ነገር። አባቴ ጣውላውን ቀስ ብሎ ሲረግጠው ድምፁ ከ"ኡ" ተነስቶ "ኦ" እያለ ወደ "ኣ" ተከፈተ፣ አንድ የታፈነ ሰው አፉን እንደሚከፍት። ዓብዱልላጢፍ አጨበጨበ። "ወላሂ አፍ አላት!" አለ። እኔ እግሬ አውጪኝ ብዬ ጓሮ ገባሁ።

ያንን ድምፅ አውቀው ነበርና! ባለፈው ፋሲካ ቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ቀጭን ሴት አምጥተው ነበር። ወንጌላዊው እጁን ጭንቅላቷ ላይ ጭኖ "ስምህ ማነው?" ሲላት ከዚያች ሚስኪን አፍ የወጣው እንዲህ ያለ የሻከረ የወንድ ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ጮኻ ወደቀች፤ ሕዝቡ "ወጣ! ሃሌሉያ!" አለ። ስትነሳ በራሷ ድምፅ ውሃ ጠየቀች። ይሄ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቁጭ ብሏል። እንግዲህ ስሌቱን አብራችሁኝ አስሉ፦ ሳጥኑ ሲጀመር አባቴ ድምፅ ነበረው፤ ሳጥኑ ድምፅ እያገኘ ሲመጣ አባቴ እያጣ ሄደ። የስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ትበል?

ትልልቆቹም አልረዱኝም። እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንድ ቀን እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ለጎረቤታችን ለአቶ ዳምጠው ስታወራ ሰማኋት። አቶ ዳምጠው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው።

"ሐኪሙ ምን አለ?" አላት።

"ጉሮሮው ውስጥ ሥር ሰዷል አለ። አዲስ አበባ በቶሎ ካልሄደ..." አለችና ለቅሶዋን ዋጠች። "እባክህ ለልጅቷ እንዳትነግርብኝ።"

ዕጢ ነበር። ዛሬ አንዲት ቃል ናት፣ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ እሸከማት ነበር። ያኔ ግን ስሙ የማይነገር ነገር አባቴ ጉሮሮ ውስጥ ሥር ሰዶ፣ በሳጥኑ በኩል ያጓራል። ሌሊት ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ለማን ልናገር? ለአቶ ዳምጠው ልጅ ለለተማርያም ነገርኳት። ለተማርያም በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በዚያ ዕድሜ ሁለት ዓመት ማለት ጳጳስ ማለት ነው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝና ራሷን ነቀነቀች።

"ስምሽን ጠርቶሻል?"

"ኧረ በኢየሱስ ስም! አልጠራኝም።"

"ይጠራሻል። ሲጠራሽ አቤት እንዳትይ! አቤት ካልሽ ነፍስሽን ይዞ ይሄዳል። ደግሞ ጠራኝ ብለሽ ለማንም እንዳታወሪ። ካወራሽ ተመልሶ ይመጣል።"

"ለአባዬስ?"

"ለአባትሽማ ጭራሽ! እሱን ይዞት የለም እንዴ?"

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አይደል የሚባለው? በማግስቱ፣ ሐሙስ ከሰዓት ደረሰ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። እናቴ ገበያ ሄዳለች፤ እኔ ማንጎው ሥር እግሬን ስታጠብ፣ ከሱቁ ያ ጉርምርምታ መጣ። ጆሮዬን ልይዝ እጄን ሳነሳ ድምፁ ተለወጠ።

"ኣ—ኣ—ኢ..."

ፊደሉ የለም። ዜማው ግን፣ ሁለቱ ከፍ ብለው ሦስተኛዋ ወደ ታች ስትለቀቅ፣ ረዘም ብላ፣ የአባቴ ነው። ቃ፣ ና፣ ኒ። ጥርት ያለ ስሜ፣ ከዚያ ከተቀደደ ጉሮሮ ውስጥ።

"አቤት" አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የለመደች ምላስ ናት፣ በሁለት እጄ አፍኜ ያዝኳት። በማንጎው ግንድና በቀርከሃው አጥር መሃል ገብቼ ተጣበቅኩ። ሸናሁ፣ እሱንም አልደብቃችሁም። የሱቁ የጓሮ በር ክፍት ስለነበር በቅጠሉ መሃል አየኋቸው። አባቴ ጊታሩን ታቅፎ ተቀምጧል፤ እግሩ ጣውላው ላይ ነው፤ ዓብዱልላጢፍ ከኋላው ቆሟል። ሁለቱም ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለዋል።

ሳጥኑ ሁለተኛ ጠራኝ። የአባቴ ፊት በርቶ ነበር፣ እንደዚያ ሲበራ ከሰኔ ወዲህ አላየሁትም። ይህ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ይዞታል፣ ፊቱንም ለብሶታል አልኩ።

ሦስተኛ ጠራኝ፤ በዚህኛው ቀስ ብሎ፣ እያባበለ። "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" እላለሁ በሆዴ።

ከዚያ ዝም አለ። አባቴ አንገቱን ወደ እግሩ አቀረቀረ። ዓብዱልላጢፍ ትከሻውን ይዞ የሆነ ነገር አለው፤ አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ከገበያ እስክትመጣ ከዚያ ስንጥቅ አልወጣሁም። እርጥብ ቀሚሴን አይታ "ምን ሆነሽ ነው?" ስትለኝ "ዝናብ" አልኳት።

ቅዳሜ ወላጆቼ የሪፈር ወረቀት ሊያስጨርሱ ሆስፒታል ሄዱ። ለተማርያም በትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ጸበል ይዛ በአጥሩ ሾልካ መጣች፤ እናቷ ራስጌዋ ከምታስቀምጠው ሰርቃ ነው።

"ጴንጤ ነሽ፤ ለእናንተ ቤት ይሠራ ይሆን?" አለች ጠርሙሱን እያየች።

"አንቺ አፍስሺው እንጂ! አንቺ ጴንጤ አይደለሽም!"

"ሳጥኑ የእናንተ ነው። አንቺ ታፈስሺያለሽ፣ እኔ አማትባለሁ። ደሞ አብሪው፤ ተኝቶ እያለ አይወጣም።"

ማብራቱን አውቃለሁ፤ የሬዲዮ ጠጋኝ ልጅ ነኝ። ማጉያውን ሳበራው ሳጥኑ "ጥዝዝዝ" አለ። ጠርሙሱን በጣውላው ሥር ባለው ክፍተት ገለበጥኩት። "በኢየሱስ ስም ውጣ!" አልኩ እኔ፤ "በስመ አብ!" አለች እሷ። መጀመሪያ ተንጣጣ። ቀጥሎ ከማጉያው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለ ረጅም ጩኸት ወጣ፣ ወደ ላይ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ። ከዚያ "ጧ!" አለና ዝም።

"ወጣ!" አልኩ። ልክ እንደ ሴትዮዋ፣ ጮኾ ወጣ! እኔ ሃሌሉያ፣ ለተማርያም እልልታ። ተቃቅፈን ዘለልን።

ከሁላችሁም የማልደብቀው ነገር፣ በዚያች ሰዓት ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ልጅ አሶሳ ውስጥ አልነበረም። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አባቴ ገና ከባጃጁ ሲወርድ ሮጬ እጁን ያዝኩት።

"አባዬ፣ አስወጣሁልህ! በል ተናገር!"

አልገባውም። እየጎተትኩ አስገባሁት። ጣውላውን ረገጠ፤ ምንም የለም። ሳጥኑን አንስቶ ሲያዘነብለው ውሃ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እናቴ ባዶውን ጠርሙስ አይታ "አንቺ ልጅ! ምን አድርገሻል!" ብላ እጇን ስታነሳ አባቴ በአየር ላይ ያዛት። ከዚያ ፊቴ ተንበርክኮ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከ።

"ምን ነበረበት?"

"ሰይጣን።"

ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። እዚያ ዓይን ውስጥ ቁጣ የለም፤ የሆነ ነገር ለመስማት የጓጓ ሰው ዓይን ነበር። "ምን ይል ነበር?" አለኝ።

ጠራኝ ብለሽ ካወራሽ ተመልሶ ይመጣል። የለተማርያም ጣት ፊቴ ላይ ተደቀነች።

"ምንም አይልም" አልኩት። "ይጮኻል ብቻ።"

ራሱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ። ግንባሬን ሳመኝና ሳጥኑን መደርደሪያው አናት ላይ ሰቀለው። ሰኞ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ አዲስ አበባ በረረ።

ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሲመለስ አንገቱ ላይ በሻሽ የተሸፈነ ቀዳዳ ነበረው፣ ሹክሹክታዋም የለችም። እኔ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ወሰደኝ፦ ሰይጣኑ ሲወጣ ድምፁን ይዞ ነው የሄደው፣ ያስወጣሁትም እኔ ነኝ። ይህን ስንት ዓመት ተሸክሜ እንደዞርኩ አትጠይቁኝ። ከዚያ በኋላ አባቴ ሲፈልገኝ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፤ እኔ ከየትም ሆኜ "አቤት!" እላለሁ። አምስት ዓመት እንደዚያ ኖርን። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሞተ። ሳጥኑን እስኪሞት ድረስ እንደገና አልነካውም።

አሁን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሱቋን ሞባይል ቤት አድርጌያታለሁ፤ ካውያው ያው የአባቴ ነው። ባለፈው ሚያዝያ መደርደሪያውን ሳጸዳ ሳጥኑን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በዚያው ቀን ዓብዱልላጢፍ የተሰበረ ስልክ ይዞ ገባ። ጢሙ ነጥቷል፤ ባምባሲ ከገባ ስንት ዓመቱ፣ ለአሶሳ እንግዳ ሆኗል። ሳጥኑን ሲያይ ስልኩን ረሳው።

"ይቺ አለች?" አለና በሁለት እጁ አነሳት። "ቃናኒ፣ እኔ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ስምሽ ለምን እምቢ አለች?"

"የምን ስም፣ ጋሼ ዓብዱልላጢፍ?"

"ስምሽ ነዋ! አታውቅም እንዴ?" ግራ ተጋብቶ አየኝ። "ሐኪሙ ጉሮሮ ይቆረጣል፣ ድምፅ ሙሉ ይጠፋል አለው። አባትሽ ምን አለኝ? 'ድምፅ ይሂድ ዓብዱ፤ ልጄን በምን እጠራለሁ?' ለእናትሽ አልነገርንም፣ ለአንቺም አልነገርንህም፤ ድንገት ላስደስታት አለ። ያ ክረምት ሙሉ አፍ ስንሠራ ነበር እኮ። ኣ፣ ኣ፣ ኢ። ሐሙስ ቀን 'አሁን ቃናኒ አለች!' አልኩት። ሦስት ጊዜ ጠራንሽ። አልመጣሽም።"

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ።

"ምናልባት የለችም፣ ጎረቤት ናት አልኩት። ቅዳሜ አንቺን ጠየቀህ። 'ይጮኻል ብቻ' አልሽው። ከዚያ በሹክሹክታ አለኝ፦ 'አየህ፣ ለእኛ ጆሮ ነው ስም የመሰለን። ለልጅቷ ጩኸት ነው። አልሠራም።' እንደገና እንሥራ አልኩት፣ ከአዲስ አበባ ሲመጣ። 'አይሆንም፣ ልጄን ታስፈራለች' ብሎ ጻፈ።"

"ሠርቷል" አልኩ። "ማንጎው ሥር ነበርኩ። ሰምቼዋለሁ። ስሜን ነው የጠራው፣ ሦስቱንም ጊዜ።"

ዓብዱልላጢፍ ሳጥኑን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለ። "አለማወቁ ነው የሚያንገበግበኝ፤ አልሠራም ብሎ ነው የሞተ።"

ሳጥኑን ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። የሻገተውን ጠረግኩ፣ ሁለት ትራንዚስተር ከአባቴ የሬዲዮ ክምር ውስጥ ፈልጌ ቀየርኩ፣ የዛገውን ቁልፍ በአልኮል አጠብኩ። ዓብዱልላጢፍ አርብ ከጁምዓ በኋላ መጣና በአባቴ ወንበር ላይ ጊታሩን ታቅፎ ተቀመጠ። ጓሮ ወጥቼ ማንጎው ሥር ቆምኩ።

ጥሩ አልነበረም። ሻካራ ነው፣ "ኒ"ዋ መሃል ላይ ትቆራረጣለች። ግን እሷው ናት። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ የሳጥኑን እያንዳንዱን ሽቦ በእጄ በይጄ፣ እጄ ያው እንደ ድሮው ሳላዘው ወደ አፌ ሄደ። አወረድኩት።

"አቤት!" አልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ እስኪዞር። "አቤት አባዬ! አለሁ!"

ሮጬ ገባሁ። ዓብዱልላጢፍ እግሩን ከጣውላው ሳያነሳ ዓይኑን በኩታው ይጠርጋል።

"ሰማሽ?" አለኝ።

"ሰማሁ" አልኩት። "ያኔም ሰምቼ ነበር።"